ማንን ሽተህ ነው?

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ሱቁ ገና መከፈቱ ስለሆነ የታጠበው ወለል አልደረቀም። ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከሒሳብ መቀበያው ኋላ ባለሱቋ፣ መሰላል ላይ ፊደል፣ በሩ ላይ ደግሞ ማበጠሪያ በእጇ እንደያዘች ከጎረቤት ፀጉር ቤት ብቅ ያለችው ፀጉር ሠሪ።

ፊደል እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሱቁ የመዋቢያ ዕቃዎች ይሸጣል፤ ዕቃው በአብዛኛው የፈረንሳይ ነው። ደንበኞች የዕቃውን ስም መጥራት ስለሚፈሩ በጣታቸው ብቻ ይጠቁሙ ነበር። ታዲያ እሱ ሥራ እንደጀመረ ትንንሽ ካርዶች ቆርጦ፣ በአማርኛ ጽፎ፣ መደርደሪያው ላይ ለጠፈ። «አቬን፤ የፊት ውኃ»፣ «ላ ሮሽ ፖዜ፤ ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት»፣ «ክሎራን፤ የካሞሚል ሻምፖ»። ባለሱቋ አይተው «አንተስ ፊደል ነህ» አሉት። በዚያው ጸና። ትምህርቱ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ነገር ግን አንዲት ፊደል አለቦታዋ ካስቀመጠ ያን ቀን ምሳው አይወርድለትም።

«ፊደል፣ ደህና አደርክ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ደህና» አለ፤ ለሻምፖው።

«እኔ እኮ ወደዚህ ነኝ።»

ዞር አለ። መሰላሉም አብሮት ዞር ሊል ነበር። ባለሱቋ አንገታቸውን አቀርቅረው ሳቃቸውን በሒሳብ ማሽኑ ድምፅ ሸፈኑት።

«አዲሷን ካርድ እያየሁ ነው» አለች ልጅቱ ጠጋ ብላ። «"የፀጉር ዘይት" ያልከው በየትኛው ጸ ነው?»

«በፀሐዩ ፀ።»

«ፀጉርና ፀሐይ መቼ ይስማማሉ? ፀሐይ ያደረቀውን ራስ ሳለሰልስ አይደለም እንዴ የምውለው! በጸሎቱ ጸ ቀይረው። አንዳንዷ ደንበኛዬን የሚያድናት እሱ ብቻ ነው።»

ፊደል መሳቅ ፈለገ። ግን ሳቁም እንደ ንግግሩ ጉሮሮው ላይ ተሰልፎ ተራ ሲጠብቅ፣ እሷ ወደ ሌላው ካርድ አልፋ ነበር።

«ይሄንን ደግሞ "ሮዤ ኤ ጋሌ" አልከው። መጨረሻው ላይ ት አለች እኮ፤ አየኋት።»

«አለች። ግን አትጠራም» አለ ፊደል። ስለ ፊደል ሲሆን አፉ ትንሽ ይፈታለታል። «ዕቃ አከፋፋዩ ነው የነገረኝ። ይጽፏትና ዝም ይሏታል።»

«ካልጠሯት ለምን ይጽፏታል?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው።»

ልጅቱ ትንሽ አየችውና «ገባኝ» አለች። «አንተም ፈረንሳይኛ ነህ። ካለህ ግማሹን አትጠራውም።»

ማበጠሪያዋን እያወዛወዘች ወጣች። ፊደል መሰላሉ ላይ ቀረ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

የምትወደውን ሁሉ ያውቀዋል። ለፊቷ አቬን ናት፤ ከፀጉር ማድረቂያው ሙቀት ስትወጣ ዓይኗን ጨፍና እፍ እፍ ታደርጋታለች። ለፀጉሯ ክሎራን። ለከንፈሯና ለክርኗ ኑክስ የሚባለው ዘይት፤ እሱንም በሦስት ጠብታ ነው፤ አራተኛ አትጨምርም። ሽቶ ግን አትቀባም ነበር። አንድ ቀን ባለሱቋ ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት «እትዬ፣ ቀኑን ሙሉ የቀለምና የሰው ራስ ሽታ ውስጥ ነኝ። የኔ የምለው ሽታ የለኝም» አለች። ይህን ብላ ለሙከራ የተቀመጠችውን ቨርቤና የተባለች የሎክሲታን ሽቶ አነሣች። አንጓዋ ላይ አንድ ጊዜ ረጨች። ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ገና የተቆረጠ ቅጠል የሚል ሽታ ነው። ዓይኗን ጨፈነች።

«ይቺ እኔን ትመስላለች» አለች በቀስታ፤ መልሳ አስቀመጠቻትና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ፊደል የዚያን ዕለት ከደመወዙ አስቆርጦ አንድ ጠርሙስ ገዛ።

መግዛቱ ቀላል ነበር። መስጠቱ ላይ ነው ነገሩ። ጠርሙሷ ከሒሳብ መቀበያው ሥር እያለች እሷ ገብታ ትወጣለች፤ እሱ «ሌላ የሚያስፈልግሽ አለ?» ብሎ ይቀራል። በመጨረሻ ማክሰኞ ዕለት እናቷ የእጅ ቅባት ሊገዙ መጡ። እናቷ በአንድ ትልቅ ሆቴል የክፍሎች ጽዳት ኃላፊ ናቸው። ፊደል ቅባቱን ከረጢት ውስጥ ከከተተ በኋላ ልቡን አጽንቶ ጠርሙሷንም ጨመረ።

«ይቺንም ይያዙልኝ፣ እማማ።»

«ምንድን ናት ልጄ?»

«ሽቶ ናት። በነፃ ነው።»

«ለማን?»

«ለልጅዎ» ሊል ነበር። አፉን ከፈተ። እናትየው ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ዓይናቸው ደግሞ ቁርጥ የልጃቸው ዓይን ነው።

«ለ… ለቤት» አለ።

«እንዴት ያለህ አሳቢ ልጅ ነህ!» አሉና መርቀውት ሄዱ።

እሱ «ለቤት» ሲል ያሰበው እሷን ነው። ቤት የእሷ ቤት፤ እዚያ ከደረሰች እሷ ታገኛታለች፤ ካገኘቻት ይገባታል። ሐሳቡ ይኸው ነበር። ያን ቀን እያፏጨ ዋለ።

በማግስቱ ልጅቱ ስትገባ ትንፋሹን ሳበ። የፀጉር ቀለም ሸተተው፤ ካሞሚል ሸተተው፤ ቨርቤና ግን የለም። ሐሙስም የለም። ዓርብ ባለሱቋ «ጉንፋን ይዞሃል እንዴ? ምን ያነፈንፍሃል?» አሉት። ነገሩ ገባው፤ ወይም የገባው መሰለው። አልፈለገችውም። እንዳታሳፍረው ብላ ዝም አለች። ከዚያ ወዲያ እሷ ስትመጣ እሱ ዕቃ ለማውጣት ወደ ጓዳ መግባት ጀመረ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ግን ጓዳው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«የምነግርህ አለኝ። በከተማው ወዲያኛው ጫፍ ላይ አዲስ ፀጉር ቤት ተከፍቷል። ኃላፊ ሁኚ ብለውኛል። ጥሩ ሥራ ነው።» ማበጠሪያዋን አገላበጠች። «እዚህ ሱቅ ግን መምጣት ይቀራል። ምን ትላለህ?»

በመካከላቸው የነበረው አንድ ግድግዳ ነው። ማድረቂያዋ ሲጮህ ይሰማዋል፤ ሳቋ ሲመጣ ይሰማዋል። ግድግዳው ከሄደ እሷን የሚያይበት ምንም ሰበብ የለውም። ይህን ሁሉ አሰበና ያቺን የሽቶ ጠርሙስ አስታወሰ።

«መልካም ዕድል» አለ።

«በቃ?»

«በቃ።»

«ደህና» አለች። ያዘዘችውን የክሎራን ካርቶን እንኳ ሳትወስድ ወጣች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለሱቋ ደወሉለት። «ካርቶኗን ረስታለች። ነገ አዲሱ ሥራ ትገባለች። ቤቷ ድረስ አድርስላት፤ ስትሄድ ምላስህንም ይዘህ ሂድ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ካርቶኑን ተሸክሞ ሲሄድ አንዱ ጠርሙስ ፈስሶ እጁ ሁሉ አረፋ ሆነ። በሩን በክርኑ አንኳኳ። የከፈቱት አባቷ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፤ ድምፃቸው አሁንም ከሞተር ጋር የሚፎካከር።

«ማንን ሽተህ ነው ልጄ?»

ፊደል የሰማው «ሽቶ» የሚለውን ብቻ ነው። ደነገጠ። ጉዱ ወጣ።

«ኧረ ሽቶ አይደለም አባባ! ሻምፖ ነው!»

«እኔ እኮ ማንን ነው ያልኩህ።»

«ክሎራን።»

አባቷ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «እንዲህ የምትባል ሰው እዚህ ቤት የለችም» አሉ። ከዚያ አረፋውን አይተው አዘኑለት። «ግባ፣ ግባ። መጀመሪያ እጅህን ታጠብ። መታጠቢያ ቤቱ በግራ በኩል ነው።»

በሩን ከፍቶ እንደገባ ሽታው ተቀበለው። ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ገና የተቆረጠ ቅጠል የሚል። ቀና አለ። ከመጸዳጃው በላይ፣ ከሶፍቱ ጎን፣ የሱ ጠርሙስ ተቀምጣለች። ግማሿ አልቋል።

ፊደል ውኃውን እንደከፈተ ቆመ። አለመውደድ አንድ ነገር ነው። ግን እዚህ? እዚህ ድረስ? ካርቶኑን አስቀምጦ ደህና ዋሉ ብሎ ለመውጣት ወሰነ።

ሲወጣ ሦስቱም ሳሎን ነበሩ። ልጅቱ ጥጓ ላይ ቁጭ ብላለች፤ አኩርፋ፤ የቤት ጫማ አድርጋ። በሥራ ልብስ ካልሆነ አይቷት አያውቅም ነበርና ያሰበውን ስንብት ረሳው።

«መጣህልን!» አሉ እናትየው ብድግ ብለው። «እኔማ ላመሰግንህ ሱቅ ልመጣ ነበር። ያቺ የሰጠኸኝ የመታጠቢያ ቤት ሽቶ እንዴት ያለች መሰለችህ!»

«እኔ ከገባሁ አልወጣም» አሉ አባትየው። «ጋዜጣዬን እዚያ ማንበብ ጀምሬያለሁ።»

ልጅቱ ቀና አለች። «የቱን ሽቶ? እማዬ፣ ከሆቴል ያመጣሽው አይደለም እንዴ?»

«ምን ከሆቴል! እሱ ነው የሰጠኝ፤ ለቤት ብሎ።»

ልጅቱ ተነሥታ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባች። ስትመለስ ጠርሙሷን በሁለት እጇ ይዛለች።

«እኔ ሽታው ያቺን ሱቅ የሞከርኳትን አስታውሶኝ፣ በራሴ እየሳቅኩ፣ እሱን ላሸት ብዬ እዚያ ክፍል እየገባሁ…» አልጨረሰችውም። «እማዬ፣ ይሄ እኮ የገላ ሽቶ ነው!»

«አይደለም! አንብቢዋ። "ኦ ደ ቷሌት" ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ በሆቴሉ መታጠቢያ ቤቶች በር ላይ እያየሁት ነው፤ ቷሌት ሽንት ቤት ነው። ደግሞም ሎሚ ሎሚ ይላል፤ እንደምናጸዳበት።»

«እሱ ሌላው ትርጉሙ ነው! እዚህ ላይ መሰናዳት፣ መዋብ ማለት ነው!»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ ብለው አይጽፉም?» አሉ እናትየው ተቆጥተው። «እኔ ደግሞ ትናንት ምንጣፉ ላይ ሁሉ ረጭቼዋለሁ!»

መጀመሪያ የሳቁት አባትየው ናቸው። ቀጥላ ልጅቱ፤ ግድግዳውን ተደግፋ እስክትቀመጥ ድረስ። ፊደልም ጉሮሮው ላይ ከወር በፊት ጀምሮ ተሰልፎ የነበረው ሳቅ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣለት። እናትየው ብቻ «ምን ያስቃል? ሽታው ጥሩ አይደለም?» እያሉ ዞሩ።

ልጅቱ እንባዋን ጠረገችና አየችው።

«ለቤት ለምን አልክ?»

«ቤት ስል…» ፊደል ወለሉን አየ። «አንቺ ያለሽበትን ማለቴ ነው።»

እናትየው አንድ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አባትየው ግን ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

«ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሰው አመላልሻለሁ» አሉ። «አንዳንዱ ተሳፋሪ "ወራጅ አለ" ማለት ያፍርና ሰፈሩን ቆሞ እያየ ያልፈዋል። በር ላይ የጠየቅኩህን እስካሁን አልመለስክልኝም። ማንን ሽተህ ነው የመጣኸው?»

ፊደል ፈረንሳዮቹ የሚጽፏትንና ዝም የሚሏትን ት አሰበ። ቀና አለ።

«እሷን» አለ። «እሷን ሽቼ ነው።»

አንዲት ፊደል ሳያስቀር ጠራው። ድምፁ ራሱን እስኪያስደነግጠው ድረስ ጮክ ብሎ ነበር።

ልጅቱ ጠርሙሷን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቀረበች። ፊቷ የሚስቅ ነው።

«በየትኛው ሸ ነው?»

«ሸ አንድ ብቻ ናት» አለ ፊደል። «እንደ ጸ ሌላ የላትም።»

ቨርቤናዋን አንጓዋ ላይ አንድ ጊዜ ረጨች። ከዚያ እጇን ዘረጋችለት፤ እንዲያሸት ይሁን እንዲይዝ አልተናገረችም። ያዘው።

ሰኞ ጠዋት ፀጉር ሠሪዋ አዲሱን ሥራ ጀመረች። ፊደል ሱቁ ሲዘጋ በአውቶቡስ እየሄደ፣ ከአዲሱ ፀጉር ቤት በር ላይ ይቀበላት ጀመር። ባለሱቋ ከቨርቤናው ሥር «የገላ ነው፤ የመጸዳጃ አይደለም» የሚል ካርድ አስጻፉት። እናትየው ጠርሙሷን አልመልስም ስላሉ ሌላ ተገዛ። ክረምቱ እንዳለፈ ተጋቡ።