የጽናት ተከታይ

ይህ ነገር በእውነት ተፈጽሟል። ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ መሐል ሜዳ ከተማ ሂዱና አሰልጣኝ እታገኝን ጠይቋት... እሷ ግን አትመልስላችሁም።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት። ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የገደል አፋፍ፤ ጉም ወርዷል።

እታገኝ የኦሪየንቴሪንግ ክለብ ታሰለጥናለች። ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ የተተከሉ ባንዲራዎችን እየፈለጉ መሮጥ ነው። ችግሩ ጀማሪ አይበረክትም። አንድ ቀን ይመጣሉ፣ ብቻቸውን መንገድ ይጠፋቸዋል፣ ነባሮቹ ይስቁባቸዋል፣ በሳምንቱ የሉም።

ስለዚህ ደንብ አወጣች። ለእያንዳንዱ ጀማሪ ከነባሮቹ አንዱ ተከታይ ይሆነዋል፤ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላው ይሄዳል። አይናገርም፣ አያርምም። ጀማሪውም ዞሮ አያይም፤ ካርታውን ራሱ ያነባል።

ጉም ከበረታ እታገኝ ፊሽካ ትነፋለች። ያኔ ጀማሪው ባለበት ቆሞ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ ተከታዩ ይይዘዋል።

የዚያን ቀን ጀማሪዋ ጽናት ነበረች፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ፈራ ተባ የምትል ልጅ። እናቷ ወይዘሮ ጠጄ እስከ መነሻው አመጧትና፣ «አንድ ልጄ ናት፣ አደራሽን» ብለው ተመለሱ።

ተከታይዋ እንዲሆን የተመደበው ከሞላሌ የሚመጣው ቴዎፍሎስ ነበር።

እታገኝ ዞር ስትል፣ ጉሙ ውስጥ፣ ከጽናት ኋላ በርኖስ የደረበ ረጅም ሰው ቆሟል። በበርኖስ ሊሮጥ ነው እንዴ ብላ ተናደደች። ቀርባም አላየችውም።

«አደራህን፣ እንዳትለያት» አለችው።

ሰውየው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ጽናት ሄደች። እሱም ተከተለ...

ግማሽ ሰዓት ቆይቶ አንድ ሰው እያለከለከ መጣ። ቱታ ለብሷል።

«ይቅርታ አሰልጣኝ፣ የመኪናው ጎማ ፈንድቶብን ነው።»

ቴዎፍሎስ ነው።

እታገኝ ወደ ጉሙ ጠቆመች። «ታዲያ... ያ ማነው?»

«የቱ?»

ጉሙ ትንሽ ገለጥ አለ። ከገደሉ ማዶ ጽናት ካርታዋ ላይ አቀርቅራ ትራመዳለች። ባለበርኖሱ ከኋላዋ አለ። አሥር እርምጃ አልነበረም። ሁለት ቢሆን ነው።

እታገኝ ጮኸች። ድምጿ ገደሉ ውስጥ ቀረ። ማዶ ለመድረስ የግማሽ ሰዓት ዙሪያ ነው። ቴዎፍሎስ ሮጠ። እታገኝ ስትጨነቅ አንገቷ ላይ ያለውን ፊሽካ ያዘችና ነፋች... ደጋግማ ነፋች።

ጽናት ቆመች።

እታገኝ ምን እንዳደረገች የገባት ያኔ ነው።

ጽናት የተነገራትን የምትሰማ ልጅ ናት፤ ዞራ አላየችም። ቀኝ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ባለበርኖሱ ሳይቸኩል ተጠጋና ያዘው።

ጉሙ ተመልሶ ወረደ።

ከዚያ በኋላ እታገኝ መሬት ላይ ተቀምጣ እግዚኦ ከማለት ሌላ ያደረገችው የለም። ምን ልታደርግ ትችላለች? ራሷ ናት ልጅቱን አሳልፋ የሰጠችው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጽናት መጣች። ብቻዋን፣ ባንዲራዎቹን ሁሉ አግኝታ፣ ፊቷ በርቶ። ቴዎፍሎስ ማዶውን ሁሉ አስሶ አጥቷት ገና መመለሱ ነበር።

እታገኝ አቀፈቻት። ልጅቱ በግራ እጇ ብቻ አቀፈቻት። ቀኙን ከኋላዋ እንደዘረጋችው ነው፤ ጣቶቿ ተጨብጠዋል።

«ማን ነው የተከተለሽ?» አለች እታገኝ በሹክሹክታ።

«ዞሬ አላየሁም፤ ደንቡ አይደል?» ጽናት ፈገግ አለች። «እጁ ይቀዘቅዛል እንጂ ጥሩ ሰው ነው። ለሳምንትም እሱ ይሁንልኝ።»

ወደ ከተማ የሚገባ ሚኒባስ ደረሰ። ጽናት ቀድማ ገብታ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። ከአጠገቧ ካለው ወንበር በቀር ሁሉም ተይዟል። ረዳቱ ወንበሩን ለእታገኝ ጠቆማት።

«ሰው አለው» አለች ጽናት።

ትርፍ ሳይጭን የማይንቀሳቀስ ረዳት ነው፤ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ወንበሩን አየ... ለእታገኝ ዓይን ባዶ ነው።

«ይቅርታ አባቴ፣ አላየሁዎትም» አለና፣ እታገኝን መንገድ ዳር ትቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።