የፀዳው የመጽሐፍ ሣጥን

አቶ አላምረው ሞተው የተገኙት ራሳቸው ባሠሩት ሣጥን ሥር ነው። የጎንደር ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። ሣጥኑ ደግሞ የፀዳና የአዘዞ ሰው የተዋሰውን መጽሐፍ ለመመለስ ቤተ መጻሕፍቱ ወዳለበት አራዳ ድረስ አቀበት እንዳይወጣ ታስቦ በፀዳ መንገድ ዳር የቆመ ከባድ የዋንዛ ሣጥን ነው። ገና በሲሚንቶ አልታሰረም ነበር። ቢሆንም ከኋላው ሰው ካልገፋው በቀር በራሱ የሚወድቅ አልነበረም።

የፖሊሱ ሻምበል ዳኛው ሬሳውን ካስነሣ በኋላ የሣጥኑን የጀርባ በር አስከፈተ። ውስጡ የተገኘው በንጹሕ የነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ አንድ የብራና ዳዊት ብቻ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ የወጣው በመሪጌታ ሐብተ ማርያም ስም ነበር። መሪጌታ የቅኔ መምህር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኮሚቴ አባልና የሣጥኑ ዋና ተቃዋሚ ናቸው። የሻምበሉ አለቃም ይህን ሲሰማ ሌላ አልጠየቀም፤ እስከ ማታ መሪጌታን እሰርና ጉዳዩን ዝጋ ብሎ አዘዘ። በነፍስ ግድያ የሚከሰስ ሰው መጨረሻው ገመድ እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል።

ዳኛው ተበሳጨ። ስለ ሞተው ሰው ሲጠይቅ ሁሉም ስለ ሣጥኑ ይመልስለታል።

መሪጌታ ቁጣቸው ገና አልበረደም። «መጽሐፍ መጣያ ብላችሁ ጻፋችሁበት። መጽሐፍ ቆሻሻ ነው እንዴ የሚጣለው?»

«መሪጌታ፣ እኔ የምጠይቅዎ ስለ ዳዊቱ ነው።»

«ዳዊቱንማ ትናንት በቤተ መጻሕፍቱ ምክትል በበላቸው እጅ መልሻለሁ። በሣጥን አልመልስም ብዬ ምዬ የለም?»

ሁለተኛው ሲኞር ብሩኖ ነበር፤ ጣሊያን ሲወጣ እዚሁ የቀረ አናጢ። ገብቶ ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ በነበረው ዳዊት ላይ ደፋና ተቀመጠ። ከአቶ አላምረው ጋር መጣላቱን አልደበቀም። በሰጡት ልክ የሣጥኑን የመጽሐፍ ማስገቢያ ቀዳዳ ጠባብ አድርጎ ሠራ፤ ኋላ ደግሞ ጠበበ ብለው፣ ሰነፍ ሲሉ ሰደቡት። የጀርባው በር ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ እሱ ጋ፣ አንዱ ምክትሉ በላቸው ጋ።

«ትናንት ደግሞ አቶ አላምረው ነገ በማኪና መጥተህ ሣጥኑን ወደ አራዳ ውሰደው አሉኝ» አለ ብሩኖ።

«አራዳ የት?»

«ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ።»

ዳኛው የሰማውን ማመን አቃተው። ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ድረስ የመጣ ሰው ገብቶ መመለስ አቅቶት ነው ሣጥን የሚፈልገው?

በላቸው ሲመጣ ዳዊቱ በመዝገብ ክምር ሥር ገብቶ ነበር። ወጣቱ ምክትል በቤተ ክህነት ወግ እንደማያምን፣ ዘመናዊ ሰው እንደሆነ ሳይጠየቅ ተናገረ። መሪጌታ ዳዊቱን አልመለሱም፤ ሣጥኑ ወደ አራዳ ይሄዳል የሚል ወሬም አልሰማሁም አለ። ሁለት ክረምት ፀዳን በእግሩ እየዞረ ቦታውን የመረጠው እሱ ነው። ይህን ሲያወራ ፊቱ በራ። እያወራም እጁ ዳዊቱን ከመዝገቦቹ ሥር ስቦ አወጣና ከሁሉ በላይ አስቀመጠው። ዳኛው ይህን ልብ አለ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰበሰባቸው። ሣጥኑንም አስመጥቶ ነበር። ዳዊቱን በነጠላው እንደተጠቀለለ ወደ ቀዳዳው አስጠጋው፤ አልገባም። ነጠላውን ገፎ ሞከረው፤ አሁንም አልገባም።

«እንግዲህ የገባው በበሩ ነው። መሪጌታ ቁልፍ የላቸውም። ይህን ያደረገው ሰው እሳቸው ላይ ለማላከክ ፈልጓል። ለዚያ ዳዊቱን ወርውሮ መሄድ ይበቃው ነበር። ነጠላ ቀድዶ መጠቅለል ምን አመጣው?»

ዳኛው ዳዊቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቀጠለ።

«ሲኞር ብሩኖ ባርኔጣውን የደፋው እዚህ ዳዊት ላይ ነው፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ባልጠቀለለው። በላቸው ግን መዝገብ ሥር ሲያየው አላስችል አለው። ዘመናዊ ነኝ ያለው አፉ ነው፤ እጁ ግን ያደገበትን አልረሳም። ዳዊቱ እሱ ጋ ነበር፤ መሪጌታ መልሰውለታል።»



«አቶ አላምረው ሣጥኑ እንደሚነሣ ሊነግሩኝ ፀዳ ድረስ ወረዱ» አለ በላቸው ቀስ ብሎ። «ለሣጥኑ ምረቃ የሚመጡት ትልልቅ ሰዎች አቧራ ውስጥ አይወርዱም አሉኝ። ደጃፍ ላይ ምን ይሠራል ብል ሳቁብኝ። ሣጥኑን ገፋሁት። ልገድላቸው አልነበረም።»

ዳኛው ጥርሱን ነከሰ። የሚያናድደው፣ በሣጥኑ ጉዳይ ልጁ እውነቱን ነበር። ይህን የሚያህል ሐሳብ ያለው ሰው በሌላ ሰው ነፍስ ለማምለጥ መሞከሩ አንጀቱን አሳረረው።

መሪጌታ ተነሡና ዳዊቱን ከጠረጴዛው አንሥተው ተሳለሙት። ከዚያ ወደ በላቸው ዞሩ።

«ልጄ፣ ዳዊቱን ለመጣል እጅህ ፈራ። እኔን ለገመድ ስትሰጥ ምነው አልፈራህ?»

 በላቸው ሁለቱን እጆቹን አጣምሮ ለሻምበሉ ዘረጋ።