የአቶ ዋቅቶላ ግራ ክንድ

በ1988 ዓ.ም. መካኒሳን ለሁለት ከፍሎ የከረመው ታላቅ ጉዳይ፣ ማለትም የአቶ ዋቅቶላ የግቢ በር አረንጓዴ ይቀባ ወይስ ሰማያዊ የሚለው፣ ባለበሩ ማክሰኞ ጧት አልጋቸው ላይ ሞተው በመገኘታቸው ላልተወሰነ ጊዜ መተላለፉን በጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን።

ግራ ክንዳቸው ላይ የመርፌ ቀዳዳ ነበር። አልጋው ሥር ደግሞ መርፌው። ሰፈሩ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? ውብነሽ የምትባል የጤና ባለሙያ፣ ከአዋቂዎች ምን ያህሉ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንደወሰዱ ለማጥናት በየቤቱ ስትዞር ሰንብታ ሰኞ ከሰዓት እሳቸው ቤት ደርሳለች። በማግስቱ «ክትባቷ ገደላቸው» ተብሎ በድንጋይ ልትወገር ስትል ፖሊስ ደርሶ ይዟታል። መርማሪ ገዲሴ ሌላ ገዳይ ካላገኘች ልጅቷ ወህኒ መውረዷ ነው።

ያን ሌሊት የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ያደሩት ሚስትየው ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ የወይዘሮዋ ወንድም ከበበውና ተከራዩ ተካ ናቸው። ተካ ቤቱን እንዲለቅ ከተነገረው ሰንብቷል።

ገዲሴ የሟችን ክንድ አተኩራ አየች። ቀዳዳው ደም አልቋጠረም፤ ዙሪያውም አልቀላም። ትራሱን ገለበጠችው። ከሥር በኩል የደረቀ ምራቅና ደም ነበረበት።

«መርፌዋ ባሌን በላብኝ!» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ደረታቸውን እየደቁ።

«እትዬ፣ መርፌ ይዛ አይተዋታል?»

«እኔማ እርሳስ ነው ያየሁት። አገር ሁሉ መርፌ ሲል ብቻዬን እርሳስ ልበል?»

«እሳቸውን ምን አለቻቸው?»

«‹ተከትበው ያውቃሉ? ካርድ አለዎት?› አለቻቸው። ‹ወታደር ሳለሁ አሰልፈው ወግተውናል፤ ለምን እንደሆነ የነገረን የለም› አሏት። ጻፈችና ሄደች።»

ከበበው ቀጠለ። «እኔንም ካርድህን አሳየኝ አለችኝ። አይጥ በላው አልኳት።»

«እውነት ነው?»

«ካርድ ኖሮኝ አያውቅም። አይጡ ግን አለ።»

ተካ ግራ ክንዱን እያሻሸ ቀረበ።

«ሰኞ ቤት ነበርክ?»

«ነበርኩ እንጂ! እንደ ጋሼ እኔንም ክንዴን ወጋችኝ። እስካሁን ይጠዘጥዘኛል። እግዜር ነው ያወጣኝ!»

«እግዜር ይማርህ» አለችው ገዲሴ።

ከሰዓት ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች፤ ውብነሽንም አስመጣች። ውጭ የተሰበሰበው ጎረቤት አጥሩን ሊጥለው ደርሷል።

«በሕይወት ያለ ሰው ሲወጋ ቆዳው ይቀላል፣ ደም ይቋጥራል» አለች ገዲሴ። «ይሄ ክንድ አንዱንም አላደረገም። መርፌው የገባው ልባቸው ከቆመ በኋላ ነው። ጋሽ ዋቅቶላን የገደላቸው ትራስ ነው፤ ደሙ እንዳይታይ ተገልብጧል። ታዲያ መርፌው ለምን አስፈለገ? ነገሩ በውብነሽ እንዲላከክ። አንቺ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«መጠየቅ» አለች ውብነሽ። «ስንቱ እንደተከተበ እንቆጥራለን እንጂ አንከትብም። መርፌም አልያዝኩም።»

«ያነጋገረቻቸው ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ሊያላክኩባት ቢፈልጉ ‹መርፌ አየሁ› ይሉኝ ነበር። እትዬ ግን እያለቀሱም እርሳስ ነው አሉ። በሌለ መርፌ የተወጋው ተካ ብቻ ነው! ሰኞ ከሰዓት እሷ ስትመጣ እዚህ አልነበረም፤ የገባው ማታ ነው። የክትባት ሰው በሰፈሩ እየዞረች መሆኑን ሰምቶ፣ ስትከትብ የምትውል መስሎት፣ መርፌ ገዝቶ ተራችሁ እስኪደርስ ጠበቀ።»

«አንተ! እስቲ ክንድህን!» ከበበው ዘሎ የተካን እጅጌ ሰበሰበው። ክንዱ ላይ ምንም የለም።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ጩኸታቸውን ለቀቁት። ውብነሽ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ከሳቸው ጋር ጠባችሁ የቤት ነው። እኔን ግን የት ታውቀኛለህ? በድንጋይ ሊጨርሱኝ ነበር እኮ! ለምን እኔን?»

ተካ እጅጌውን ቀስ ብሎ አወረደ።

«ያወቃችሁትን አውቃችኋል። ከዚህ በኋላ አልናገርም።»