ሳትሠራ የምትሰርዝ ልብስ ሰፊ

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ተረት ነው የሚላችሁ ቢኖር አትስሙት፤ በገዛ እህቴ ልጅ ላይ የደረሰ ነው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ክፉ ነገር ጨለማ የሚጠብቅ ይመስላችኋል አይደል?...

ልጅቱ ልብስ ሰፊ ናት። እጇ ወርቅ፣ ቀኗ ግን ወንፊት። ያዝኩት ስትል ያፈስባታል። ሁሉን ነገ ስለምትል ባሏ «እሜቴ ነገ» ይላታል።

ቢመራት ጊዜ የቀኑን ሥራ በወረቀት እየጻፈች ከስፌት መኪናዋ በላይ መለጠፍ፣ የጨረሰችውንም መሰረዝ ጀመረች። የቀሚስ ጠርዝ መስፋት። ዚፕ መቀየር። መጋረጃ ማጠብ። እናቴን መጠየቅ።

ምን ያደርጋል... ሲመሽ ግማሹ እንዳለ ነው። «እናቴን መጠየቅ»ማ ከወረቀት ወደ ወረቀት ሲገለበጥ ከረመ።

«ዛሬስ ምን ሰረዝሽ፣ እሜቴ ነገ?»

«አንተ ደግሞ! ሂድና ካልሲህን ፈልግ!»

አንድ ቀን በንዴት ዘዴ ፈጠረች። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ሳይቆርጥ በፊት በጠመኔ ያሰምር የለ? መስመሩ ካለ መቀሱ ወዴት ይሸሻል?

«እኔም ቀድሜ እሰርዛለሁ። ከሰረዝኩት አፍሬ እሠራዋለሁ።»

የቀሚሱን ጠርዝ ሰረዘች። ደንበኛ ጠርቷት እስከ በር ወጥታ ስትመለስ...

ተሰፍቷል።

ስፌቱ የራሷ ነው፤ አልተሳሳተችም። ክሩ ግን በመቀስ አልተቆረጠም። በጥርስ ነው የተበጠሰው... ጫፉም ገና እርጥብ ነበር።

«አንተ ነህ?» አለችው ባሏን።

«እኔ? ክር በመርፌ ማስገባት የማልችለው ሰውዬ?»

በማግስቱ ዚፑን ሰረዘች። ተቀየረ። መጋረጃውን ሰረዘች። ታጥቦ፣ ተሰጥቶ፣ ውሃው ሲንጠባጠብ አገኘችው።

ፈራች እንዴ? ትንሽ። ግን ድካም ክፉ ነው ልጆቼ፤ ያገዘን ማን እንደሆነ አያስጠይቅም።

እና ያን ቀን፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ መኪናው ክር እየበጠሰ አንገበገባት። ደንበኛ ጮኾባት ወጣ። በዚያ ላይ ስልኩ ጠራ።

«ልጄ፣ ዛሬስ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ አልኩሽ እኮ እማዬ! አታጨናንቂኝ!»

ዘጋችው። እስክሪብቶውን አነሳችና ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ሰረዘችው... «እናቴን መጠየቅ»ን።

ወዲያው የሰረዘችው ሁሉ ያለ እሷ እንደሚሠራ ትዝ አላት። መልሳ ደወለች።

«እማዬ?»

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ እንጂ!»

«ሂጂ ወዲያ፣ ቀልደኛ! ልጄማ ይኸው መጥታ እግሬን እያሸችልኝ ነው።»

ከጀርባ አንድ ሰው ሳቀ...

ሳቁ የእሷው ሳቅ ነበር።

የስፌት መኪናውን እንኳ ሳታጠፋ ሮጠች። የእናቷ ቤት ሩቅ አይደለም፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ሩቅ ቢሆንማ ባልቆጨ።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«እማዬ፣ ክፈቺ! እኔ ነኝ!»

ኮቴ ተሰማ። እናቷ ከበሩ ጀርባ ሆና በሹክሹክታ...

«ቀስ በይ... ታስበረግጊብኛለሽ። ስንት ጊዜ ስጠብቃት ዛሬ ገና መጣችልኝ።»

«እማዬ፣ ልጅሽ እኮ እኔ ነኝ!»

«ሂጂ፣ የሰው ልጅ። አንቺም ወደ እናትሽ ሂጂ።»

ልጅቱ መሬት ላይ ተደፍታ በበሩ ሥር አጮለቀች።

የእናቷ ባዶ እግር ይታያል።

ከኋላው ደግሞ ሌላ ሁለት እግር ቆሟል። ጫማ አድርጓል። ማሰሪያው ተበጥሶ በሽቦ የተያዘ ጫማ...

ያኔ በራሷም እግር ላይ የነበረው ያው ጫማ።

እህቴ ዛሬም በሕይወት አለች። ድምፅዋ ይሰማል፤ ትስቃለች፣ ታወራለች። በሩን ግን ለማናችንም አትከፍትም።

ልጅቱ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሄዳ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። ከውስጥም በራሷ ድምፅ «ማነው?» ይሏታል።

አደራ ልጆቼ... እናትና ልጇን፣ ሁለቱንም አስታውሱልኝ።