የሰንበት ውሃ

ሰው ስለ ዛርና ስለ መንፈስ ሲያወራ እኔ ጆሮዬን ሰጥቼ አላውቅም፣ ሠርቶ አዳሪ ለዚያ የሚሆን ጊዜ ከየት ያመጣል እያልኩ ነበር የማሾፈው፣ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ ቀልቧ ተገፍፎ ነው እንዳትሉኝ።

ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፣ ነታንያ ከተማ፣ ነቬ ኢታማር የሚባል ሰፈር። ባሕር ዳር ካለ ሆቴል አልጋ ሳነጥፍና መታጠቢያ ቤት ስፈትግ እውልና ወገቤ ቁርጥ ብሎ እመለሳለሁ፣ ግን ቀጥታ ቤቴ አልገባም፣ ከሕንፃችን ጀርባ የሰፈሩ ሰው በጋራ የሚያለማት ጊና፣ የአትክልት ቦታ፣ አለች፣ እዚያ ሚትናዴቬት ነበርኩ፣ በነጻ የማገለግል ማለት ነው። ደክሞሽ ደግሞ በነጻ? ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ስለ አባቴ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ላይ ወደዚህ አገር የሚያመጣንን አውሮፕላን ስንጠብቅ ከሞተች ወዲህ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፣ በስንት ልመናና ቅስቀሳ ከአልጋ የሚያወርደው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እዚያች ጊና ውስጥ ያለችው የጎመን መደቡ። ቦታዋን የምወዳት፣ አፈሯን ሁሉ ልሳመው የሚያሰኘኝ ለዚህ ነው።

ታዲያ አባቴ አንድ ነገር ላይ አይደራደርም፣ ሰንበት ውሃ የጠጣ ተክል አይበላም። የጊናዋ ኃላፊ፣ ራያ የምትባል ሩሲያዊት ጎረቤታችን፣ በራሱ ሰዓት የሚከፈት ቧንቧ አስገጥማ ነበርና አባቴ ይህን ሲሰማ «ሰንበት የሚሻርበት ቦታ እግሬ አይረግጥም» ብሎ ተመልሶ ተኛ። እኔ ራያን ለምኜ አስነቀልኩት፣ እሷም እያጉረመረመች «በሴዴር፣ እሺ፣ ለአባትሽ ስል» አለችኝ፣ ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ዋናውን ቧንቧ የምቆልፈው እኔ ነኝ።

ያን ሰንበት ሻራቭ ነበር፣ ያ ከበረሃ የሚመጣው እሳት የመሰለ ንፋስ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አባቴ «እስቲ ወርደን ጎመኔን ልየው፣ ማየት አይከለከል» አለኝና ወረድን። ከእኛ በቀር ሰው የለም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን፣ እኔ የሳምንቱ ድካም ተጭኖኝ ዓይኔን ጨፈን አደረግኩ። ያኔ ነው የሰማሁት፣ ቡልቅ ቡልቅ፣ ከዚያ ዝም፣ ደግሞ ቡልቅ ቡልቅ። የቧንቧ ድምፅ አይደለም፣ አፈ ጠባብ ቅል ተደፍቶ ውሃው ሲወርድ የሚሰማው ነው፣ ቅል ደግሞ በዚህ አገር ማን አለው? ብድግ ብዬ ሄድኩ። ቧንቧው እንደተቆለፈ ነው፣ ስነካው ያቃጥላል። የራያ ሽንኩርት፣ የሌላውም ሰው መደብ ሁሉ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ የአባቴ ጎመን ብቻ፣ እመኑኝ፣ እያንዳንዱ ሥሩ ክብ ክብ ሆኖ ረጥቧል፣ ውሃው ገና ሰርጎ አላለቀም። እያየሁት ደግሞ የሚቀጥለው ጎመን ሥር አፈሩ ጠቆረ።

ከፍርሃቴ በላይ ግን የታየኝ አባቴ ነው፣ ይህን ካየ አበቃ፣ ዳግመኛ አይነሳም። በቀሚሴ ልጋርደው ስል ከኋላዬ ደርሷል።

«አባ፣ እንመለስ፣ መሽቷል» አልኩት።

አልሰማኝም። እርጥቡን አየ፣ አየና እኔን ሳይሆን ከጎመኑ ማዶ ያለውን ባዶ ቦታ፣ ባል ሚስቱን በሚቆጣበት ድምፅ፣ «አንቺ ሴት! ሰንበት ነው እኮ!» አለ።

ቡልቅ ቡልቁ ቀጥ አለ።

ደረጃውን ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ። «ሰማሻት አይደል?» አለኝ። ምን ልበለው? ሰማሁ ብለው ተከትሏት የሚሄድብኝ መሰለኝ፣ አልሰማሁም ብለው አብዷል ያልኩት ይመስለዋል። «ደክሞኛል አባ» አልኩት፣ እውነቴንም ነበር።

በማግስቱ ንጋት ላይ ልቀሰቅሰው ብሄድ አልጋው ተነጥፏል፣ ጫማውን አድርጎ በሩን ሊከፍት ሲል ደረስኩበት። ይህችን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቻታለሁ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ሰውነቴ ግን ውርር አለ። «ቆይ አባ፣ አብረን እንውረድ» አልኩት።

«ተኚ ልጄ፣ አንቺ ደክሞሻል» አለኝ ፊቱ ሁሉ በርቶ፣ «እሷ ታግዘኛለች።»

ከዚያን ቀን ወዲህ አባቴን ቀስቅሼው አላውቅም።