የዱመርሶው አስተርጓሚ

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. መቶ አለቃ ደበበ ከዲላ ዱመርሶ ሲደርስ፣ የሞተውን ከማየቱ በፊት ሊሞት የተቃረበውን አየ። ሙሉካ የሚባል ቤት መራጊ ከዛፍ ታስሮ፣ የቀኛዝማች ወንድይፍራው ሎሌዎች በአለንጋ ጀርባውን ይተለትሉታል።

«አቁሙ!»

«ይመን እንጂ!» አሉ ቀኛዝማች። «መሬቱን ነጥቄ ለሚሲዮኖቹ ብሰጥ ቂም ይዞ አስተርጓሚያቸውን ገደለ። ሬሳው የተገኘው ከደጁ ነው።»

«እስከ ቀትር ይታገሡኝ።»

«እስከ ቀትር። ከዚያ ወዲያ እኔ አሳምነዋለሁ።»

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ የዱመርሶ ንጉሥ ደግሞ ቀኛዝማች ነበሩ። ደበበ ንዴቱን ዋጠና ወደ ሬሳው ሄደ።

አስተርጓሚው ጴጥሮስ የራስ ቅሉ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ፊቱ ፊት አይመስልም። ከሥሩ ያለው አፈር ግን ደረቅ ነው፣ ጠብታ ደም የለበትም። ሌላ ቦታ ተገድሎ እዚህ የተጣለ ሰው ነው።

የሙሉካ ሚስት አልጣሽ ከኋላው መጥታ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ባሌ እንዴት እሱን ይገድላል? መሬታችን በግፍ እንደተወሰደ ለፈረንጁ የነገረልን እኮ ጴጥሮስ ነው! ፈረንጁ መሬቱን ሊመልስልን፣ ሁለቱም ሰኞ ዲላ ሄደው ቀኛዝማችን ሊከሱ ነበር።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«አገር ያውቃል።»

ሚሲዮናዊው ሚስተር ኤሪክ ከመጣ ሳምንት አልሞላውም። ቤቱ ተመርጎ ስላላለቀ የሚያድረው በድንኳን ነው፤ ሣጥኖቹም ገና አልተፈቱም፤ ሣጥን መፈልቀቂያው ብረት ግን የለም። ደበበ ከግድግዳ የተጠጋ ሣጥን ሲገፋ የሰሃን ስፋት ያለው አዲስ ምርጊት አገኘ። ቀይ ነው፤ ገለባ የለበትም፤ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። በጥፍሩ ፋቀው፤ ከሥሩ የደረቀ ደም ወጣ። ሌላ ሰው እንዳያይበት ሣጥኑን መልሶ አስጠጋና ወጣ።

ቀትር ላይ ሁሉንም፣ ጭቃ አቡኪዎቹንና ሙሉካንም ከነእስራቱ፣ እዚያው ቤት ሰበሰበ። ጴጥሮስ በሞተባት በትናንቷ ምሽት ወደዚህ ቤት ብቅ ያሉት አራት ናቸው፤ ሙሉካ፣ ሚስተር ኤሪክ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ ነጅሙዲንና፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ሊሉ በግ ያስነዱት ቀኛዝማች።

«ከሬሳው በፊት ስለ ቤቱ ልጠይቃችሁ» አለ ደበበ። «ግድግዳ ብትመርጉ ጭቃውን ከየት ታመጣላችሁ?»

ነጅሙዲን ሳቀ። «ከዚያ ከሚገማው ጉድጓድ ነዋ! ወላሂ፣ ያልቦካ ጭቃ ለምርጊት አይረባም።»

ሚስተር ኤሪክ ሦስት ቀን ከሙሉካ ጋር ጭቃ ሲረግጥ እግሩ ተላልጧል። ደብተሩን ገለጠ። «ጭቃ… ገለባ… አሥር ቀን… መጥፎ ሽታ።»

«እርስዎስ፣ ቀኛዝማች?»

«እኔ ግማት የምነካ ሰው ነኝ? ከምንጩ ዳር ንጹሕ ቀይ አፈር ወስዶ በውሃ ማሸት ነው!»

ጭቃ አቡኪዎቹ ሳቁ። ደበበ ግን ሣጥኑን ገፋው፤ ሳቁ ቀጥ አለ።

«ጴጥሮስ የተገደለው እዚህ፣ በጠፋው የሣጥን መፈልቀቂያ ብረት ነው» አለ። «ገዳዩ ደሙን በጭቃ ደፈነ። የቦካው ጭቃ በጉድጓዱ ሞልቶ ሳለ ጥሬ አፈር አመጣ። ሙሉካ ቢሆን ጭቃውን ያቦካው እሱ ነው። ሹፌሩም ፈረንጁም ያውቃሉ። የማያውቀው፣ ዕድሜ ልኩን ቤት ሲሠራለት የኖረ ሰው ብቻ ነው። ጴጥሮስ ሰኞ ሊከስዎ ነበር፤ ሬሳውን ከሙሉካ ደጅ ሲጥሉ ከሳሹንም ባለ መሬቱንም አጠፉ።»

«ለአንድ ገባር ብለህ እኔን?» ቀኛዝማች ሽጉጣቸውን መዘዙ። ደበበ በቆመጡ የእጃቸውን አንጓ መታ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማ። ሎሌዎቹ ተያዩ፤ ጠመንጃ ያነሣ አልነበረም።

ሙሉካን ፈቱት፤ መቆም አልቻለም። ሚስተር ኤሪክ አጠገቡ ተንበረከከ። የሚናገርለት ሰው ሞቷል፤ የቀረችው የሳምንት አማርኛው ናት።

«መሬት… ያንተ» አለና አለቀሰ።

ሙሉካ ደም ተፋ።

«እንግዲያው ጴጥሮስን በመሬቴ ላይ ቅበሩልኝ» አለ።