የጎፈር መንጋጋ

ከመሬት በታች በተሠራችው በአዲስ ጥላ ከተማ መንገዱን የሚጠርጉት ሽንብራ የሚያካክሉ ማሽኖች ናቸው። ሕዝቡ «ለቃሚ» ይላቸዋል። በግድግዳው ሥር እየተንከባለሉ አቧራውንና ፍርፋሪውን ይለቅማሉ፤ ሰው ሲመጣባቸው ዞር ይላሉ። ስመኝም እንደ ማንኛውም ሰው፣ ሳታስበው እየዘለለቻቸው ነበር የምትሄደው። ችግሩ ውሻዋ ነበር።

ጎፈር ሥራ ያለው ውሻ ነው። ከተማዋ የተቆፈረችው በጨው ሜዳ ሥር ስለሆነ በወለሉ ስንጥቅ የድኝ ጋዝ ሾልኮ ይገባል፤ ከመሣሪያ ሁሉ ቀድሞ የሚደርስበት የጎፈር አፍንጫ ነው። እሱ ወለሉን እያሸተተ ይሄዳል፣ የቆመበት ቦታ ላይ ስመኝ ምልክት ታደርጋለች። ግን አፍንጫው መሬት የሚውል ውሻ አፉም እዚያው ይውላል። ጨርቅ ይሁን አጥንት፣ ያገኘውን ይሰለቅጣል። ከሁሉ የሚጥመው ደግሞ ለቃሚ ነው፤ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለው ፍርፋሪ ሳይሸተው አይቀርም። ለቃሚ ከተዋጠ ግን ባትሪው አንጀት ያቃጥላል። የጎረቤቷ ውሻ በዚሁ ሞቷል።

ስለዚህ «ከልካይ» ታሰረለት። ከልካይ፣ ውሻው ከመሬት ሊያነሳ ሲል የመንጋጋውን ጡንቻ በንዝረት የሚያደርቅ የአንገት ቀለበት ነው። ስመኝ አልወደደችውም። መንጋጋው ድርቅ ባለ ቁጥር የጎፈር ዓይን የሚዞረው ወደ እሷ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት የምሥራቁን መሸጋገሪያ ይዘው ይሄዱ ነበር። መሸጋገሪያ ሁለት ሰፈሮችን የሚያገናኝ፣ በሁለቱም ጫፍ በር ያለው ጠባብ መተላለፊያ ነው። አረንጓዴ ሲበራ ይታለፋል፤ ቀይ ሲበራ ይቆማል። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ጎፈር አንዱን ለቃሚ ላፍ አደረገው። ከልካዩ ዘገየ። የነዘረው አፉ ከተዘጋ በኋላ ነበር፤ መንጋጋው ማሽኑን እንደያዘ ገጠመ።

ስመኝ እስኪለቅ ጠበቀች። አልለቀቀም። ጎፈር ተንቀጠቀጠ፤ ለሃጩ ተዝረበረበ፤ ከከንፈሩ ጥግ ቀጭን ጭስ ወጣ።

ግድግዳው ላይ ያለውን የመነጋገሪያ ቁልፍ ተጫነች። «ባንተወሰን! ከልካዩ አልለቅም አለ! ማሽኑ አፉ ውስጥ እየነደደ ነው!»

ባንተወሰን ከክፍሉ ሆኖ በካሜራ እያየ በግድግዳው ማጉያ የሚናገር የመሸጋገሪያው ጠባቂ ነው። ወጣት መሆኑን ከድምፁ ታውቃለች እንጂ መልኩን አይታው አታውቅም።

«እትዬ ስመኝ፣ እንዳይፈቱት! ከልካይ ከተፈታ መሸጋገሪያው ይዘጋል። የፍተሻ ሰዎች መጥተው እስኪያዩ መውጣት የለም።»

«እስኪመጡ ይሞትብኛላ!»

«ደንቡ ነው እኮ፣ እትዬ...»

ፈታችው። በሮቹ ዷ ብለው ተዘጉ። መብራቱ ቀላ።

አሁን መንጋጋው የራሱ ሆነ። ስመኝ እንደ ልማዷ እጇን ወደ አፉ ስትሰድ ጎፈር አንገቱን ሸሸት አደረገ፤ ጉሮሮው ሊውጥ ሲንቀሳቀስ አየች። ደንግጣ እጇን መለሰች። ለካ እሷ ልትነጥቀው በሮጠች ቁጥር፣ እሱ ቶሎ መዋጥ ነበር የተማረው።

ጀርባዋን ሰጥታው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ለምሳ የያዘችውን ቋንጣ ከኪሷ አወጣችና ምንም እንዳልተፈጠረ ማኘክ ጀመረች። አንዱን ቁራጭ ከጎኗ ጣል አደረገች። ዞር ብላ አላየችም። ጥቂት ቆይቶ ከኋላዋ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማች፤ እርጥብ አፍንጫ ክንዷን ነካት። ለቃሚው ጠቁሮ እየጨሰ ተንከባለለ። በጫማዋ ጫፍ አርቃ ገፋችው።

«ጎሽ የኔ ጌታ! ጎሽ!» እንባዋ መጣ። ምላሱ ተልጧል፤ ግን በሕይወት አለ።

ሌላ ለቃሚ አለፈ። ጎፈር አንገቱን ሰበር አደረገ። «ተወው» አለችው በቀስታ። ቀና ሲልላት ቋንጣ ሰጠችው። ሌላውም አለፈ፣ ሌላውም። ቋንጣው ሲያልቅ ጎፈር ገና ለቃሚ ሲያይ የእሷን ፊት መመልከት ጀምሮ ነበር።

የፍተሻ ሰዎች ግን አልመጡም። አየሩ እየከበደ ሄደ። ግድግዳዎቹ የተጠጉ መሰላት። የልብሷን አንገት ፈታች፤ ጎፈር ምላሱን ጎልጉሎ ያለከልካል።

«ባንተወሰን፣ ትንፋሽ እያጠረኝ ነው። ክፈትልኝ!»

«ፍተሻ ክፍል አይመልስልኝም፣ እትዬ። ደጋግሜ ጠራሁ።»

«አንተ ራስህ ክፈተዋ!»

ባፈረ ድምፅ፣ «እኔ እኮ በር አልከፍትም» አለ። «እኔ የማበራው መብራቱን ነው።»

«በሩን ማነው የሚከፍተው ታዲያ?»

«እሱን... ጠይቄ አላውቅም።»

ጎፈር ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ከሥሩ አሸተተ። ከወዲያ ማዶ አንድ ነገር ጠርቶታል። አፍንጫውን ሰካ፤ በግንባሩ ገፋ። በሩ ተከፈተ። እንደ ቤት በር፣ ዝም ብሎ ተከፈተ። ቀዝቃዛ አየር ገባ።

ስመኝ ዘልላ ተነሣች፤ ደፉ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። መብራቱ ቀይ ነው። አንድ እግሯን አነሣች፤ መልሳ አሳረፈችው። ማንም አልያዛትም።

ማዶ፣ ሰው የጣለው የዳቦ ቁራሽ ወድቋል። ጎፈር አጠገቡ ቆሟል፤ አልነካውም። ዳቦውን ያያል፣ እሷን ያያል። ቃሏን እየጠበቀ ነው። እሷ ደግሞ መብራት ትጠብቃለች። እሱን ያስተማረችው በአንድ ጠዋት፣ በቋንጣ ነው። እሷን ማን፣ መቼ፣ በምን እንዳስተማራት ብታስብ ብታስብ አልመጣላትም።

«ብላ!» አለችው፤ ድምፅዋም ለራሷ እንግዳ ሆነባት። ደፉን ተሻገረች።

«እትዬ! ቀይ ነው እኮ!» ባንተወሰን ጮኸ።

«አልተቆለፈም፣ ልጄ። መግፋት ብቻ ነበር።»

ጎፈር ዳቦውን ጎረሰ።

«እትዬ ስመኝ» አለ ባንተወሰን፣ እንደ ሹክሹክታ። «የእኔም ክፍል በር ቀይ ነው። ተተኪዬ ስላልመጣ ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ነኝ...»

ስመኝ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ሞክረው» አለችው።

ከማጉያው ውስጥ ወንበር ሲገፋ፣ ቀጥሎም የሚያመነታ እርምጃ ተሰማት።